ከቁርቁራ ቅጠል እስከ ጃፓን ፓኬት፦ የልጆቻችን ብጉርና የመድኃኒቱ ታሪክ



ባለፈው ዓመት ብርዱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ጎረቤቴ ደወለችልኝ። "ያረቢ፣ ነይና የዚችን ልጅ ፊት እይልኝ" አለች። ያለነው ላንግሊ ፓርክ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድና ኒው ሃምፕሸር አቬኑ የሚገናኙበት፣ ፑፑሳ የሚጋገርበት፣ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ስፓኒሽ የሚሰማበት ሰፈር። ሐበሻው ሲልቨር ስፕሪንግ ይበዛል እንጂ እዚህ ጥቂት ነን። ነርስ መሆኔን ደግሞ ሕንፃው ሁሉ ያውቃል።

ልጅቷ 17 ዓመቷ ነው። ግንባሯና አገጯ ብጉር በብጉር ሆኗል፤ ጉንጮቿ ደግሞ ቀልተው ተልጠዋል። ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀርታለች። እናቷ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ነገር ደርድራ ጠበቀችኝ። አንዱ አያቷ ከከሚሴ በሰው እጅ የላኩላት፣ በፌስታል የተቋጠረ የቁርቁራ ቅጠል ዱቄት ነው። ሁለተኛው ልጅቷ ራሷ በስልኳ አይታ ያዘዘችው፣ የጃፓን ፊደል የተጻፈበት ትንሽ ፓኬት። ሦስተኛው እናቷ ከአንድ ሱቅ የገዛችው ነጭ ክሬም ነው፤ ክዳኑ ላይ አበባ ተስሎበታል፣ ሌላ አንድም ጽሑፍ የለበትም።

"የቱን ትቀባ?" አለችኝ።

ስለ ሦስተኛው ወዲያው መለስኩላት። ስለ ሁለቱ ግን የነርስነት ዲግሪዬ ያላስተማረኝን ማንበብ ነበረብኝ። እሱን ነው ዛሬ የማጫውትሽ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከአያቶቻችን ልጀምር። ቁርቁራን የወሎ ቆላ ልጅ ከሆንሽ ታውቂዋለሽ። እሾሃም ዛፍ ነው፤ ፍሬውን ልጅ ሆነን ለቅመን በልተናል። ዓረቦቹ ሲድር ይሉታል። የሶማሌ እህቶቻችን ከዚሁ ዘር ከሆነ ዛፍ ቅጠሉን አድርቀው ፈጭተው ቀሲል ብለው ፊታቸውን ይቀቡታል፣ ፀጉራቸውን ያጥቡበታል። አያቴ ደግሞ ቅጠሉን በውሃ ታሸውና አረፋው ሲወጣ "ይኸው የአላህ ሳሙና" ትለን ነበር።

የሲድርን ነገር በዲናችን ውስጥም ታገኚዋለሽ። ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ስትሞት ካጠቧት ሴቶች አንዷ ናት። በውሃና በሲድር እንዲያጥቧት የታዘዙትን እሷ አስተላልፋልናለች፤ እስከ ዛሬ ጀናዛ የሚታጠበው በዚያ ነው። ይህችው ሴት በሰባት ዘመቻ ወጥታ ቁስለኞችን ታክም እንደነበር ሐዲሱ ይነግረናል። ስለ ሩፈይዳም ሰምተሻል፤ በመስጂዱ ግቢ በተተከለ ድንኳን ቁስለኛ ታስታምም የነበረችው። ሥራዬ ከእነሱ የወረደ ይመስለኛልና ስማቸውን ስጠራ ትንሽ ኩራት ቢሰማኝ አትፍረጂብኝ።

አረፋው ከየት ይመጣል ካልሽ፣ ቅጠሉ ውስጥ ሳፖኒን የሚባል ነገር አለ፤ ቅባትን ከቆዳ ላይ ያነሳል። እንዶድም አረፋ የሚያወጣው በዚሁ ነው። የእንዶድን ታሪክ ልብ በይልኝ። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። በኋላም በዚህ ሥራው በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ተቀበለ። እንዶድን ያገኘው ግን እሱ አይደለም። ሴቶቹ ከዱሮም ያውቁታል። እሱ ያደረገው መለካት ነው፤ ምን ያህል እንዶድ፣ በምን ያህል ውሃ፣ በስንት ሰዓት ይገድላል የሚለውን።

ቁርቁራችንን ማን ለካው? አገራችን የተጻፈ የመድኃኒት እውቀት ሳይኖራት ቀርቶ አይደለም። በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ የመድኃኒት መጻሕፍት አሉ። ስቴፋን ስትሬልሲን የተባለ የፖላንድ ምሁር ከእነዚህ ብዙውን ሰብስቦ በ1968 ዋርሶ ላይ አሳትሟል፤ የቆዳ በሽታ መድኃኒትም በውስጣቸው አለ። የጻፏቸው ግን ወንዶች፣ ያውም ምስጢራቸውን የሚጠብቁ ደብተሮች ናቸው። ሴቷ በማጀቷ የምታውቀው፣ ለሙሽራ ፊት፣ ለአራስ ገላ፣ ለልጅ ሽፍታ የምትቀባው ወደ ብራናው እምብዛም አልገባም። መንግሥትም በ1942 አዋጅ የባህል ሐኪም በሰው ሕይወት ላይ አደጋ እስካላመጣ ድረስ እንዲሠራ ፈቀደ፤ ፈቀደ እንጂ መጠኑን አልወሰነለትም። ስለዚህ የአያቶቻችን ልክ "ጭብጥ"፣ "ቁንጥር"፣ "እስኪበቃው" ሆኖ ቀረ።

ልክ ያጣ መድኃኒት ምን እንደሚያደርግ በራሴ ፊት አውቀዋለሁ። 15 ዓመቴ ሳለ ነጭ ሽንኩርት ለብጉር ይሆናል ተብዬ ወቅጬ ቀባሁት፤ በጨርቅም ሸፍኜ አደርኩ። ጠዋት ጉንጬ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ጠባሳው ዛሬም አለ፤ ጎረቤቴ ብጉር ስላለፈበት ይመስላታል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል፤ በሆስፒታል ሥራዬ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ሎሚም ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ጥቁር ምልክት ይተዋል። ፌጦም ከሎሚ ጋር ተለውሶ ፊት ላይ ሲቆይ ያቆስላል።

ጥቁር አዝሙድስ? ይህን እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። ከሞት በስተቀር ለሁሉም በሽታ ፈውስ እንዳለበት የሚናገረው ሐዲስ ሶሒሕ ነው፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ግን ዑለማዎቹ እንዴት እንደተረዱት እይ። ኢብኑል ቀይዪም (በ1350 የሞቱት) ስለ ነቢዩ ሕክምና ሲጽፉ፣ እዚህ ላይ "ሁሉም" የተባለው ጥቁር አዝሙድ የሚስማማው በሽታ ሁሉ ማለት እንደሆነ ያስረዳሉ፤ በቁርኣን ሁሉን ነገር ስላጠፋችው ነፋስ የተነገረውንም ለምሳሌ ይጠቅሳሉ። የብጉርን ነገር ካነሳን፣ ከጥቁር አዝሙድ የተሠራ ቅባት ብጉርን እንደቀነሰ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ጥቂት ሰው ላይ የተሠሩ ትንንሽ ጥናቶች ናቸው። ንጹሕ ዘይቱን በቀጥታ ቀብተው ፊታቸው ያበጠ ሰዎችም በሕክምና መጽሔት ተመዝግበዋል። አንዱን ይዘሽ ሌላውን አትጣይው።

አንድ ነገር ደግሞ ላክል፤ ቅቤ። ለጋ ቅቤ አናታችን ላይ ተደርጎልን ያላደግን ማን አለን? በ1970 የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች ፀጉራቸውን በቅባት የሚያሹ ጥቁር አሜሪካውያን ግንባርና ጆሮ ግንዳቸው ላይ የሚወጣባቸውን ብጉር ለይተው የፀጉር ቅባት ብጉር ብለው ስም ሰጡት። ጎረቤቴን "ፀጉሯን ምን ትቀቢያታለሽ?" ስላት ከሒጃቡ ሥር የምታስራትን ኮፍያ አመጣችልኝ፤ በቅባት ረጥቦ ደርቆ ጠርዙ ቆዳ ሆኗል። የግንባሯ ብጉር ልክ በዚያ ጠርዝ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ጃፓኑ ፓኬት። ላዩ ላይ የተጻፈው ጁሚሃይዶኩቶ ይባላል፤ አሥር ነገር የገባበት መርዝ ማውጫ ማለት ነው። ዝንጅብል አለበት። ዓረብ አገር የኖርሽ እንደሆነ ዒርቅ ሱስ ሲሉት የምታውቂው ጣፋጭ ሥርም አለበት። ከቀረው አብዛኛው የዛፍ ልጣጭና የቅጠላ ቅጠል ሥር ነው። ካምፖ የሚሉት የጃፓን የባህል ሕክምና አካል ነው፤ መሠረቱ ከቻይና ቢመጣም ጃፓኖች በራሳቸው መንገድ አሳድገውታል። የሚገርምሽ፣ የቁርቁራችን የቅርብ ዘመድ የሆነ ፍሬም በብዙ የካምፖ መድኃኒቶች ውስጥ ይገባል።

ይህን ቅመም ያዘጋጀው ሃናኦካ ሴይሹ ነው፤ ከ1760 እስከ 1835 የኖረ ሐኪም። ሰውዬው ይበልጥ የሚታወቀው በሌላ ነገር ነው። በ1804 በዕፅ የተሠራ ማደንዘዣ አጠጥቶ የአንዲት የ60 ዓመት ሴት የጡት ካንሰር ቆርጦ አወጣ። አውሮፓና አሜሪካ በኤተር ማደንዘዝ ሳይጀምሩ ከ40 ዓመት በፊት ማለት ነው። ማደንዘዣውን ከሞከረባቸው መካከል እናቱና ሚስቱ ይገኙበታል። ሚስቱ በዚያ ሙከራ ዓይኗን አጣች። ስለ እሷ ልብ ወለድ ተጽፏል፣ ፊልምም ተሠርቷል። እኔ ግን ይህን ሳነብ የታየችኝ ኩባያውን ተቀብላ ስትጠጣ ነው።

ከሃናኦካ በኋላ የሆነው ደግሞ እኛን ይመለከታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ጃፓን ፊቷን ወደ ምዕራብ ስታዞር፣ የሐኪምነት ፈቃድ የሚገኘው የምዕራቡን ሕክምና ፈተና ላለፈ ብቻ ሆነ። የካምፖ ሐኪሞች ለራሳቸው ፈቃድ ቢጠይቁም በ1895 ፓርላማው ጣለባቸው። እውቀቱ ግን አልሞተም፤ የምዕራቡን ሕክምና የተማሩ ሐኪሞች ራሳቸው መልሰው አነሱት። በ1976 መንግሥት ብዙዎቹን የካምፖ መድኃኒቶች በጤና መድን ውስጥ አስገባ፤ ዛሬ 148 ዓይነት ተመዝግቧል። እያንዳንዱ መጠኑ በግራም የታወቀ፣ በፓኬት የተለካ ነው፤ በፋብሪካው ቁጥርም ይጠራል። የሚያዘውም ፈቃድ ያለው ሐኪም ነው። ጉዳቱም ተጽፎበታል፦ ያ ጣፋጭ ሥር ሲበዛ የደም ግፊት ይጨምራል፣ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ያወርዳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የጃፓን የቆዳ ሐኪሞች መመሪያ ጁሚሃይዶኩቶን በመጀመሪያው ረድፍ አያስቀምጠውም። ሌላው ሕክምና ካልሠራ ወይም ካልተስማማ ሊታሰብ ይችላል ነው የሚለው። ልጅቷ ስልኳ ላይ ያየችው ቪዲዮ ግን በሁለት ሳምንት ፊትሽ ብርሃን ይሆናል ይላል። ያዘዘችውን ፓኬት ማን እንደሸጠላት አታውቅም፤ እዚህ ያለ ሐኪምም አላየውም። እዚያ አገር ያለው ልክና ጥበቃ በፖስታ አብሮ አልመጣም።

እህቴ፣ የአሜሪካኑ መድኃኒት ንጹሕ ታሪክ አለው ብለሽ እንዳታስቢ። የፀጉር ቅባት ብጉርን ስም ከሰጡት ሐኪሞች አንዱ አልበርት ክሊግማን ነው። ዛሬም ለብጉር የሚታዘዘውን ትሬቲኖይን ያስተዋወቀው እሱ ነው፤ በ1971 ተፈቀደ። ይህ ሰው ከ1950ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1974 ፊላደልፊያ በሚገኘው ሆልምስበርግ እስር ቤት በእስረኞች ቆዳ ላይ ሙከራ ሲያደርግ ኖረ፤ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። እስር ቤቱ ሲገባ ከፊቱ የታየው በኤከር የሚለካ ቆዳ እንደነበር ራሱ ለጋዜጣ ተናግሯል። ዩኒቨርሲቲው በ2021፣ ከተማዋ በ2022 ይቅርታ ጠይቀዋል። እኔ ትሬቲኖይን ለታካሚ ስሰጥ ይህን አውቄ ነው የምሰጠው። መድኃኒቱ ይሠራል። የተሠራበት መንገድ በደል ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

እንግዲህ ያቺ ነጭ ክሬም። ከማየት ብቻ ምን እንዳለባት ማንም አያውቅም፤ ሥጋቴ ግን ሁለት ነው። አንደኛው ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፤ መጀመሪያ ፊትን ያጠራል፣ ከርሞ ቆዳን ያሳሳል፣ ራሱም ብጉር ያወጣል። የልጅቷ የተላጠ ጉንጭ ይህንን ነው ያስጠረጠረኝ። ሁለተኛው ሜርኩሪ ነው። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ነርቭን ይጎዳል፣ ከቀባችው ሴት እጅና ፎጣ ወደ ልጆች ይሻገራል። ይህን ከሩቅ የሰማሁት አይደለም፤ በ2010 እዚሁ አጠገባችን ቨርጂኒያና ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሜክሲኮ የመጣ ማቅያ ክሬም በሚጠቀሙ ቤተሰቦች ላይ ምርመራ ተደርጎ፣ ክሬሙን ጨርሶ ያልቀቡ የቤት ሰዎች ሽንት ውስጥም ሜርኩሪ ተገኝቷል። የአሜሪካ በሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2012 አውጥቶታል።

ጃፓን እዚህም አለች። በ1956 ሚናማታ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ ፋብሪካ ወደ ባሕር በለቀቀው ሜርኩሪ የተመረዘ ዓሣ የበሉ ሰዎች መታመማቸው ታወቀ። ያ ሜርኩሪ ክሬም ውስጥ ከሚገባው ዓይነቱ ይለያል። ሆኖም በ2017 ሥራ ላይ የዋለው፣ በሜርኩሪ የተሠሩ የፊት ክሬሞችንም የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ስሙን ያገኘው ከዚያች ከተማ ነው።

"ብጉሯን ያጠፋል፣ ፊቷንም ያቀላል ብለው ነው የሸጡልኝ" አለችኝ ጎረቤቴ፤ አለቀሰች። አልተቆጣኋትም። ልጇን ልትረዳ ነው የሄደችው። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ የሚናገረው ሐዲስ የሻጩን አንገት እንጂ የእሷን አይዝም። ክሬሙን በሁለት ፌስታል አሽገን ካውንቲው አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ወሰድነው፤ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንዳትጥይው። ለልጅቷም ለትንሽ ወንድሟም የሽንት ምርመራ ታዘዘላቸው፤ አልሐምዱሊላህ ደህና ወጣ።

ከዚያ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ብዙ እናቶች የሚጣሉበት ነገር ስለሆነ። ብጉሩ ጠባሳ የሚተው ከባድ ከሆነ አይሶትሬቲኖይን የሚባል ክኒን ሊነሳ ይችላል። በ1982 ተፈቅዶ ብዙም ሳይቆይ ጽንስን ክፉኛ እንደሚጎዳ ታወቀ። ስለዚህ እዚህ አገር መውለድ የምትችል ሴት ሁሉ ያላገባች ብትሆንም በየወሩ የእርግዝና ምርመራ ታደርጋለች፣ ስለ መከላከያም ትጠየቃለች። ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ "ልጄን ምን አድርገው ቢያስቧት ነው!" ብላ ተነሳች። ልጅሽን የጠረጠረ የለም፤ ለዶክተሯም ልጅ ለሰናተሩም ልጅ ጥያቄው አንድ ነው። ከግንኙነት ሙሉ በሙሉ መታቀብም ቅጹ ላይ ያለ፣ ተቀባይነት ያለው መልስ ነው። ክኒኑ ብዙ ጊዜ ጄላቲን አለበት፤ የምን ጄላቲን እንደሆነ ፋርማሲስቱን ጠይቂና ወደ ዓሊምሽ ውሰጂው።

ለእሷ ግን እዚያ አልደረሰም። ጉንጯ እስኪያገግም በቀላል ሳሙናና በማለስለሻ ብቻ አቆይተው፣ ኋላ ማታ ማታ አዳፓሊን፣ ጠዋት 2.5 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ አዘዙላት። አዳፓሊን ከ2016 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይሆንም። ውጤቱ እስኪታይ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። ፐርኦክሳይዱ ጨርቅ ስለሚያነጣ ጥቁር ሒጃቧ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ወጣበት፤ ያን አላስጠነቀቅኳትም ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የፀጉር ቅባቱ ቀረ፤ ኮፍያዋ በየቀኑ ይታጠባል።

ዱቄቱን አልጣልነውም። ፊቷ ከዳነ በኋላ መጀመሪያ ክንዷ ላይ ሞክራ ካልቆጠቆጣት በሳምንት አንዴ መታጠቢያ ይሁን ብለን ተስማማን፤ ማጠቢያ እንጂ መድኃኒት አይደለም በሚል። ብቻ ልኩን ማወቅ ፈለግን። ከሚሴ ደወልን። ልጅቷ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች።

"እማማ፣ ስንት ማንኪያ ነው የሚገባው?" አለቻቸው።

"የምን ማንኪያ! በእጄ ነው እንጂ" አሉ አያቷ።

"እሺ በእጅዎ ስንት?"

ስልኩ ውስጥ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ጓዳ ሲገቡ ኮቴያቸው ተሰማን፤ የዕቃ ድምፅም ተሰማ። ተመልሰው "ቆጠርኩልሽ፣ በቡና ስኒ አንድ ስኒ ከሩብ ነው፤ ውሃው ለብ ያለ፣ ሦስት ስኒ" አሏት። ልጅቷ ቀኑን ከላይ አድርጋ፣ የአያቷን ስም ከሥሩ አድርጋ ጻፈችው።